እምቦጩን የሚቀልበው ማነው?

ባለፈው ክረምት ለዘመድ ጥየቃ ሐሙሲት ሄጄ ነበር። ከባህር ዳር ወደ ጎንደር በሚወስደው አስፋልት ላይ ያለችው የደራዋ ከተማ ማለቴ ነው። ቡና እየጠጣን ወሬው እንደተለመደው እምቦጭ ላይ ደረሰ። አጎቴ ያሉኝን አልረሳውም። «አንተ ልጅ፣ እኛ ውኃ ገብተን እንነቅላለን፣ እናንተ ከተሜዎቹ በቦይ ትቀልቡታላችሁ!» ተናደድኩ። ስመለስ መንገድ ላይ ሳስበው ግን እውነታቸውን ነው።

አረሙ ጣና ላይ መታየቱ ከታወቀበት ከ2004 ዓ.ም. ወዲህ ስንት ዘመቻ ታወጀ! ስንት ማሽን ተገዛ! በጥቅምት 2013 ዓ.ም. ሕዝቡ ለአንድ ወር ዘምቶ በእጁ ነቅሏል። ሹማምንቱም ቦቲ ተጫምተው ፎቶ ተነስተዋል።

ታዲያ እንዴት ነው ነገሩ? የሽንት ቤት ፍሳሽና የሳሙና ውኃ ናይትሮጅንና ፎስፈረስ ይዞ ይወርዳል። ይህ ለእምቦጭ ቀለብ ነው። ለአልጌም እንዲሁ፤ አልጌው ሞቶ ሲበሰብስ ደግሞ ዓሣው የሚተነፍሰውን ኦክስጅን ይጨርሰዋል። የጎንደርን እጣቢ ቀሃ ለመገጭ፣ መገጭ ለጣና ያስረክባል። ከደብረ ታቦር በኩል የሚወርደውን ርብና ጉማራ ያመጡታል። ባህር ዳርማ ዳሩ ላይ ተቀምጣ ገሚሱን ለሐይቁ፣ ገሚሱን ለዓባይ ትለቃለች። እርግጥ ደለሉና ማዳበሪያው ከእርሻም ይመጣል፤ አጎቴም ከደሙ ንጹሕ አይደሉም።

ጣና ጥልቅ አይደለም፤ ጠልቋል በተባለበት ቦታ 14 ሜትር ገደማ ነው። የጨረጨራ ግድብ በ1988 ዓ.ም. ካለቀ ወዲህ ደግሞ ውኃው እየተመጠነ የሚለቀቅ ማጠራቀሚያ ሆኗል። በ2002 ዓ.ም. የተመረቀው የ460 ሜጋ ዋቱ ጣና በለስም የሚጠጣው ከዚሁ ነው።

መጨረሻውን ማየት የፈለገ አባ ሳሙኤል ይሂድ። በጣልያን ጊዜ ለመብራት የተሠራው ግድብ የአዲስ አበባን ፍሳሽ በአቃቂ በኩል ሲጋት ኖሮ ደለልና እምቦጭ ወረሱት። ተርባይኑም ለአሥርተ ዓመታት ቆሞ በቻይና እርዳታ ነው የታደሰው።

ለመሆኑ በጣና ዳር የተኮለኮሉት ሆቴሎች ፍሳሻቸው የት ይገባል? ሽንት ቤት የሚመጡት ቦቴዎችስ የት ነው የሚደፉት? ዩኔስኮ በ2007 ዓ.ም. ጣናን በባዮስፌር ሪዘርቭነት ሲመዘግብ ያጨበጨባችሁ ሁሉ፣ እያንዳንዱ ከተማ ወደ ውኃው የሚለቀውን ለክታችሁ ለሕዝብ ንገሩ። አጎቴ ለሚቀጥለው ዘመቻ ከመጠራታቸው በፊት!