እህቴ ከጅዳ «ቤቱን ልግዛው ወይ?» አለችኝ

ወገን፣ እስቲ ዛሬ ስለ ቤት እናውራ። «ሥራ የሌለው ሰው ስለ ቤት ግዢ ምን አገባው» የምትሉ ትኖራላችሁ፤ ልክ ናችሁ። ከተመረቅኩ ሦስተኛ ዓመቴ ነው። ዲግሪዬ መርሳ እናቴ ቤት ግድግዳው ላይ ተሰቅሏል፣ እኔ ደግሞ ከሥሩ ተኝቼ እነሳለሁ። ገንዘቡ ግን የኔ አይደለም፣ የታላቅ እህቴ ነው። ጅዳ ዘጠኝ ዓመት የሰው ቤት ሠርታ ያጠራቀመችው። ባለፈው ሳምንት በኢሞ ድምፅ ላከችልኝ። አንድ ደላላ የአዲስ አበባ አፓርታማ ቪዲዮ ልኮላታል፤ ባለ ሁለት መኝታ፣ ሊፍት ያለው፣ ቅድመ ክፍያ 15 በመቶ፣ የቀረው በሦስት ዓመት ተኩል። «አንተ ተምረሃል አይደል፣ ልግዛ አልግዛ በለኝ» ነው ያለችው።

ከሀብሩም ሆነ ከወልድያ ዙሪያ እህት ወይ ወንድም ዓረብ አገር የሌለው ቤት ለማግኘት ትቸገራላችሁ። ስለዚህ ይሄ ጥያቄ ዛሬ ወደኔ መጣ እንጂ ነገ ወደናንተ ይመጣል።

መርሳ ያሉ ጎረቤቶች የሚሏት አንድ ነገር ነው፦ «የሊዝ ቤት ነው፣ መሬቱ ያንቺ አይደለም፣ ጊዜው ሲያልቅ ይወሰድብሻል»። እኔ በዚህ አልስማማም። ፍርሃቱ አለ፣ ቦታውን ግን ስቷል። እኛ ስለ ርስት ስንጽፍ ደማችን ይሞቃል፤ በሕግ ዓይን ግን በዚህ አገር መሬት የግሉ የሆነ ሰው የለም። የገጠሩ መሬት በየካቲት 1967፣ የከተማው ቦታና ትርፍ ቤት ደግሞ በዚያው ዓመት ሐምሌ በአዋጅ ቁጥር 47 የመንግሥት ሆነ። የ1987ቱ ሕገ መንግሥት አንቀጽ 40 ያንኑ አጸና፦ መሬት አይሸጥም፣ አይለወጥም። አባታችን ሀብሩ ላይ የሚያርሳት ሁለት ጥማድ እንኳ የመጠቀም መብት ነች። በ2013 ነሐሴ ጦርነቱ ወልድያና መርሳ ሲደርስ እናቴ ወደ ደሴ የሸሸችው የይዞታ ደብተሩን በነጠላዋ ቋጥራ ነው። ደብተሩ እንጂ መሬቱ አይነሳማ።

በ2004ቱ የሊዝ አዋጅ ቁጥር 721 ለመኖሪያ ቤት የሚሰጠው ጊዜ 99 ዓመት ነው። ሲያልቅ በጊዜው ዋጋ ማደስ ይቻላል፤ ቦታው በፕላን ለውጥ ለሌላ ልማት ከተፈለገ ግን ላይታደስ ይችላል። ሲንጋፖር ውስጥ አብዛኛው ሕዝብ የሚኖርባቸው የመንግሥት አፓርታማዎችም የ99 ዓመት ናቸው፤ እዚያ ሰዎች የሚጨነቁት ዓመቱ እየቀነሰ ሲሄድ ዋጋው ስለሚወርድ ነው። የኛ ጭንቀት እዚያ አልደረሰም። እውነቱን ለመናገር ሊዙ ሳያልቅ ሕንፃው ያልቃል። ሊፍቱ ሲበላሽ ማን ያሠራዋል? የውሃ ፓምፑ ሲቃጠልስ? በአዋጅ 370/1995 መሠረት አፓርታማ የገዛ ሰው ከቤቱ ጋር የደረጃው፣ የጣራውና የግቢው ድርሻ አለው፤ ድርሻ ማለት ደግሞ ወጪም ማለት ነው። ይሄንን ደላላው በቪዲዮው አላሳያትም።

የሊዙ ዘመን ገና ሳይነካም መንግሥት ቦታውን ለሕዝብ ጥቅም ብሎ ሊወስድ ይችላል። አዋጅ 1161/2011 ካሳ ይከፈላል ይላል፤ ካሳው ግን ለሰፈረው ንብረት እንጂ ለመሬቱ ዋጋ አይደለም። በ2016 ፒያሳ በኮሪደር ልማት ሲፈርስ ሁላችንም በስልካችን አይተናል። «ስንት ዓመት ቀረው?» ከማለት «ቦታው በከተማው ፕላን ላይ ምን ተብሎ ተሰምሯል?» ማለት ይሻላል።

እኔን እንቅልፍ የነሳኝ ግን ሌላ ነው። ቤቱ የለም! እህቴ የተላከላት በኮምፒውተር የተሳለ ሥዕል ነው፤ መሬቱ ላይ ያለው ጉድጓድና ቆርቆሮ አጥር ብቻ ነው። ያልተሠራ ቤት መግዛት ማለት ለማታውቁት ሰው ያለ መያዣ ማበደር ነው። የአክሰስ ሪል እስቴትን ጉዳይ ያልሰማ ካለ ታላላቆቹን ይጠይቅ፤ ከሁለት ሺህ በላይ ሰዎች ከፍለው ቤታቸውን ሳያገኙ ዓመታት ተንከራተዋል፣ ብዙዎቹ ዲያስፖራ ነበሩ። የመንግሥት ከሆነ ይሻላል ትሉ ይሆናል። በ2011 የካቲት ከ51 ሺህ በላይ የኮንዶሚኒየም ቤቶች ዕጣ ወጣ፤ በኮዬ ፈጬ በወሰን ጉዳይ ተቃውሞ ተነሳና ዓመታት የቆጠበው ሰው ዕጣ ደርሶትም ቁልፍ ሳያገኝ ቆየ። በ2014 ሐምሌ ደግሞ የ25,491 ቤቶች ዕጣ ከወጣ በኋላ መረጃው ተነካክቶ ተገኘና ተሰረዘ። ፖለቲካው ከምትገዙት ቤት ውጭ አይቆምም ለማለት ነው፤ ሳሎን ድረስ ይገባል።

አሁን ወደ ሂሳቡ። ለፍራንኮ ቫሉታ ወሬ አይደለም፣ ቀላል ማባዛት ነው። የደላላው ትልቁ ክርክር «ብር ይቀልጣል፣ ቶሎ ወደ ቤት ቀይሪው» የሚል ነው። ብር መቅለጡ እውነት ነው። በሐምሌ 2016 የውጭ ምንዛሬው ለገበያ ሲለቀቅ ዶላር 57 ብር አካባቢ ነበር፣ በቀናት ውስጥ ከመቶ አለፈ። ግን እህቴ ብር የላትም፣ ሪያል ነው ያላት! ሪያል ከዶላር ጋር በ3.75 የታሰረ ነው። ዶላር 57 ሳለ አንድ ሪያል 15 ብር ገደማ ነበር፤ ዶላር በ150 ሲሰላ 40 ብር ይሆናል። የቀለጠው የሌላ ሰው ገንዘብ ነው፣ የሷ አይደለም። ታዲያ ምን ያጣድፋታል? «ዋጋው በዶላር ይስተካከላል» የሚል አንቀጽ ውሉ ውስጥ ካለ ደግሞ ጥቅሟን ራሷ አሳልፋ ፈረመች ማለት ነው። ውሉን ላኪልኝ ብያት ላከች፤ አሥራ አራተኛው ገጽ ላይ፣ በትንሽ ፊደል፣ አለ።

ክፍያው ሦስት ዓመት ተኩል ነው። የሷ ገቢ ግን በኢቃማ ላይ የተንጠለጠለ ነው። በ2006 ሳዑዲ በጥቂት ወራት ውስጥ ከ160 ሺህ በላይ ኢትዮጵያውያንን ስትመልስ መርሳ መናኸሪያ በፌስታል ልብስ ይዘው የወረዱትን ልጅ ሆኜ አይቻለሁ። በአንድ ሌሊት ሊቆም በሚችል ደመወዝ የሦስት ዓመት ተኩል ግዴታ መግባት ያስፈራኛል። ክፍያ ቢቋረጥ ከከፈለችው ስንት እንደሚቆረጥ ውሉ ይናገራል፤ ሻጩ ቢዘገይ ግን ምን እንደሚከፍላት ዝም ይላል።

«እንግዲያውስ እዚሁ መርሳ ይግዛላት» የሚሉ አጎቶች አሉን። እዚህም እሳት አለ። ከከተማው ዳር ከአርሶ አደር የሚገዛው ቦታ ሽያጩ ክልክል ስለሆነ በብድር ውል ስም ይጻፋል። ነገ ልጆቹ «አባታችን የተበደረው ይኸው፣ መሬታችንን ልቀቁ» ቢሉ ምን መልስ አለን? የጨረቃ ቤት ሠርቶ አፍራሽ ግብረ ኃይል መጠበቅ ነው የሚቀረው። በከተማው ክልል ውስጥ ካርታ ያለው ቤት ሌላ ነገር ነው፤ እሱ ውድ ቢሆንም እናቴ ትኖርበታለች፣ ቆማ ታየዋለች። ጦርነት ያየ ከተማ መሆኑን አልረሳሁም። ቢሆንም ለኔ ቤት ማለት መጀመሪያ የሚኖርበት ሰው ነው፣ አዲስ አበባ ደግሞ የሚኖርልን ማንም የለንም። ለማከራየት ከሆነ የዓመቱን ኪራይ ከቤቱ ዋጋ ጋር አካፍሉትና ስንት ዓመት እንደሚፈጅ እዩት።

ስለዚህ የኔ አቋም፦ ሊዙን አትፍሩ፣ ወረቀቱን ፍሩ። ያለቀ፣ በራሱ ቁጥር የተለየ ካርታ ያለው፣ ባንክ ያልያዘው አፓርታማ ከሆነ ይገዛል። የኮንዶሚኒየም ከሆነ የአምስት ዓመቱ የሽያጭ ክልከላ ማለፉን አረጋግጡ፤ «በውክልና እንጨርሰዋለን» ያላችሁን ሰው ትታችሁ ሂዱ። የፍትሐ ብሔር ሕጉ አንቀጽ 1723 የማይንቀሳቀስ ንብረት ውል በጽሑፍና ሥልጣን ባለው አካል ፊት ይደረግ ይላል፤ ካፌ ውስጥ ሦስት ምስክር ያሉበት ወረቀት ቤት አይሆንም። ለስም ማዛወሪያ የቴምብር ቀረጥ 2 በመቶ እንዳለም በጀታችሁ ውስጥ አስገቡት።

ለእህቴ ይሄንን ሁሉ በድምፅ ነገርኳት፣ አሥራ ሁለት ደቂቃ ወሰደብኝ። «እሺ እታለም፣ አንድ ነገር ብቻ ጠይቂው» አልኳት፣ «የሕንፃውን የሊዝ ውልና ካርታ ፎቶ ይላክልሽ፣ ከባንክ ዕዳ ነፃ ስለመሆኑም ማስረጃ ይጨምር»። ጠየቀችው። ትናንት ማታ መልሱን ላከችልኝ፦ «እህቴ አትጨነቂ፣ ካርታው በሂደት ላይ ነው፤ ግን እስከ ዓርብ ካልከፈልሽ ቅናሹ ያልፍሻል»።

ዛሬ ሐሙስ ነው።