እልልታችን ነዳጅ ሲሆን

ዛሬ ከወትሮው ወጣ ስላለ ነገር እናወራለን፤ ስለ መኪና። «የመጋቢ ሚስት ስለ መኪና ምን ታውቃለች?» ብላችሁ ገጹን እንዳትገልጡት። ስለ ሞተር ብዙ አላውቅም። መኪና ውስጥ ስለሚቀመጠው ልብ ግን ጥቂት አውቃለሁ፤ አንዱ የራሴ ነውና።

ባለቤቴና እኔ የተጋባነው በ1998 ዓ.ም. ነው። የሙሽራ መኪናችን አንድ የቤተ ክርስቲያናችን ሽማግሌ ያዋሱን ቮልስ ነበረች። ቮልስን የማያውቅ የአዲስ አበባ ሰው ያለ አይመስለኝም። ሞተሯ ከኋላ፣ የዕቃ ቦታዋ ከፊት፤ የምትቀዘቅዘውም በውኃ ሳይሆን በአየር ነው። ቬሎዬ ከወንበሩ ተርፎ የባለቤቴን ጉልበት ሸፍኖት ነበር። ከአራት ኪሎ ወደ ስድስት ኪሎ ስንወጣ ዳገቱ ላይ ሞተሯ ጠፋ። ሚዜዎቻችን በሱፍ ልብሳቸው ወርደው፣ ሊስትሮዎችም ሥራቸውን ትተው፣ ፊቷን ወደ መጣንበት አዙረው ቁልቁል ገፍተው አስነሷት። ሙሽራዋ ከሠርጓ እየራቀች ሄደች ማለት ነው! መንገደኛው ሁሉ ሳቀ፣ እኛም ሳቅን።

ይህን ታሪክ ለብዙ ዓመታት በጋብቻ ትምህርት ላይ ስናገረው ኖሬአለሁ። «የእኛ ዘመን ሰው ትሑት ነበር፤ በትንሽ መኪና ተጋባን፣ በሰው ትከሻ ተገፋን» እያልሁ። ያን ጊዜ የነበሩት መኪኖች በዓይኔ ይመጣሉ። ሰማያዊና ነጭ የተቀቡት የሰይቼንቶ ታክሲዎች፣ ከእነርሱም ጋር ላዳዎቹ። የሰይቼንቶ ስሟ እንኳ በጣልያንኛ «ስድስት መቶ» ማለት ነው፤ ፊያት እ.ኤ.አ. በ1955 ስታወጣት ሞተሯ 633 ሲሲ ብቻ ነበር። በዚያች ቁራጭ መኪና ውስጥ ተጠጋግቶ የተቀመጠ ሰው ሳይተዋወቅ አይወርድም። ይህን ሳስብ ልቤ ይናፍቃል፤ የእናንተም ሳይናፍቅ አይቀርም።

ነገር ግን ባለፈው ጥር የሆነውን ልንገራችሁ።

ባለቤቴና እኔ ስናስተምራቸው የቆየን ሁለት ወጣቶች ተጋቡ። አጃቢው ዘጠኝ መኪና ነበር። የሚዜዎቹን መኪና የሚነዳው የእህቴ ልጅ ነው። አደባባዩን አንድ ጊዜ ዞርን፣ ደግመን ዞርን፣ ሠለስን። ክላክሱ ይጮኻል፣ ሚዜዎቹ ወገባቸው ድረስ በመስኮት ወጥተዋል፣ የእህቴ ልጅ መኪናዋን ግራ ቀኝ እያወዛወዘ ጎማ ያስጮኻል። እኔ ከኋላው ባለው መኪና ውስጥ ነበርሁ። ምን አደርግ ነበር መሰላችሁ? እልል እል ነበር። በስልኬም እቀርጸው ነበር።

በአራተኛው ዙር ሶፍት የሚሸጥ አንድ ልጅ ከአደባባዩ ጠርዝ ወረደ። ዕድሜው ዐሥር ቢሆን ነው። ፍሬኑ ሲያፏጭ ሰማሁ። መኪናዋ ልትደርስበት አንድ ክንድ ሲቀራት ቆመች። ልጁ ደንግጦ በመቀመጫው ወደቀ፤ ሶፍቱ አስፋልቱ ላይ ተበተነ። እልልታው በአፌ ላይ ቀረ።

የእህቴ ልጅ ሲወርድ መጀመሪያ ፈገግ ብሎ ነበር። ወዲያው እጁ መንቀጥቀጥ ጀመረ። ማታ ቤት መጥቶ፣ «እትዬ፣ ምን ነክቶኝ ነው?» ሲለኝ ልገሥጸው አፌን ከፈትሁ፤ የራሴ ድምፅ በስልኬ ቪዲዮ ላይ እንዳለ ትዝ ሲለኝ ዘጋሁት። ባዶ ሜዳ ላይ ብቻውን ቢሆን ኖሮ እንደዚያ አይነዳም ነበር። መሪውን የያዘው እርሱ ነው፤ ነዳጁን የሰጠነው ግን እኛ ነን።

ያን ዕለት ማታ ለባለቤቴ፣ «የዛሬ ልጆች! እኛ እኮ በቮልስ ነው የተጋባነው» አልሁት። እርሱም ቀስ ብሎ፣ «አንቺ፣ ረሳሽው እንዴ? እኔ ያን ቀን አፍሬ ነበር። መርሴዲስ ያለውን ወንድም ለምኜ እምቢ ስላለኝ እኮ ነው በቮልስ የሄድነው» አለኝ። እውነቱን ነው። ለካስ በየትምህርቱ የማወራው ትሕትና የመረጥነው ሳይሆን ያጣነው ነገር ነበር።

ወገኖቼ፣ ናፍቆት ደግ ነገር ነው፤ ግን አንዳንዴ ይዋሻል። የ1200ዋ ቮልስ ጉልበት 34 ፈረስ ነው። ዳገቱ ላይ እንዳንፏልል የያዘን ልባችን ሳይሆን ሞተሯ ነበር። ጉልበት ያላት መኪና ቢያገኝ ኖሮ የኔው ሙሽራ አደባባዩን ስንቴ ይዞር እንደነበር እግዚአብሔር ያውቃል። ማርሚታ አስወልቆ ሰፈር የሚያናጋ ጎረምሳ በቮልስም ነበረ። መኪና ስላነሰ ሰው ትሑት አይሆንም፤ ቪ ኤይት የነዳ ሁሉም ትዕቢተኛ አይደለም።

ታሪካችንም ይህን ያሳያል። መስከረም 2 ቀን 1967 ዓ.ም. ቀዳማዊ ኃይለ ሥላሴ ከዙፋናቸው ወርደው ከቤተ መንግሥት የተወሰዱት በቮልስ ነው። ለእኔ የሠርግ ትዝታ የሆነችው መኪና ለእርሳቸው የውርደት መኪና ሆነች። የመጨረሻዋ ቮልስ እ.ኤ.አ. ሐምሌ 2003 ሜክሲኮ ውስጥ ተሠርታ እስክትወጣ ድረስ ከ21 ሚሊዮን በላይ ተመርተዋል። ክብሩንም ውርደቱንም የምንጭንባት እኛ ነን፤ እርሷ ብረት ናት።

መጽሐፍ ቅዱስ ስለ አነዳድ ዝም ያለ ይመስላችኋል? 2ኛ ነገሥት 9ን አንብቡ። በኢይዝራኤል ግንብ ላይ የቆመው ጠባቂ የናሜሲን ልጅ ኢዩን የለየው በሰረገላ አነዳዱ ነው። በ2ኛ ሳሙኤል 15 ደግሞ አቤሴሎም ሰረገላና ፈረሶች አዘጋጅቶ ኀምሳ ሰዎች በፊቱ ያስሮጥ ነበር። አስቡት፤ ያን ሁሉ አጃቢ ያሰለፈው መንገድ ቸኩሎ አልነበረም፤ እንዲታይ ነው። እኛስ? የኋላ መስታወታችን ላይ «ኢየሱስ ጌታ ነው» የሚል ለጥፈን ዜብራ ላይ የቆመችውን እናት በክላክስ ስናስደነግጥ፣ ከኋላችን ያለው ሰው የትኛውን ያነባል? ጽሑፉን ወይስ አነዳዳችንን?

ነገሩ የጨዋነት ብቻ አይደለም፤ የነፍስ ነው። በሰዓት 40 ኪሎ ሜትር የሚሄድ መኪና በአንዲት ሰከንድ 11 ሜትር ያህል ይጓዛል። በ80 ሲሄድ 22 ሜትር ይሆናል። ፍሬን ከተያዘ በኋላ ለመቆም የሚፈጀው ርቀት ግን እጥፍ ሳይሆን አራት እጥፍ ነው። የዓለም ጤና ድርጅት እ.ኤ.አ. በ2023 ባወጣው ሪፖርት፣ በ2021 ብቻ 1.19 ሚሊዮን ያህል ሰዎች በመንገድ አደጋ ሞተዋል። ከ5 እስከ 29 ዓመት ላሉት ልጆችና ወጣቶች ቀዳሚው የሞት ምክንያት ይኸው ነው። ሙሽሮቻችን፣ ሚዜዎቻችን፣ ያ ሶፍት ሻጭ ልጅም በዚህ ዕድሜ ውስጥ ናቸው።

እንግዲህ ምን እናድርግ?

ልትጋቡ የተዘጋጃችሁ፣ ሚዜ እንደምትመርጡ ሾፌርም ምረጡ። ከሠርጉ በፊት ሰብስባችሁ፣ «በመስኮት የሚወጣ የለም፤ አደባባይ የሚደጋግም የለም፤ መንገድ የሚዘጋ የለም» በሏቸው። የሙሽራው ቃል በዚያ ቀን ይሰማል። ቪዲዮ ቀራጩንም አስጠንቅቁት፤ ለአንዲት ምስል ብሎ «ቅደመው! ቅደመው!» የሚለው ብዙ ጊዜ እርሱ ነው።

እህቴ ሆይ፣ ባልሽ ሲያበር ልጆቹ ፊት «ትዕቢተኛ» አትበይው፤ እልኽ ይገባና ይብስበታል። «ፈራሁ» በይው። ዋናውን ንግግር ቤት ስትገቡ ቡና ላይ አድርጊው። አንተም ወንድሜ፣ ሚስትህ የበሩን እጀታ ጨብጣ ዝም ስትል፣ ዝምታዋ ስምምነት አይደለም። ሌላው ቀድሞህ ሲያልፍ የሚነድደው ምን እንደሆነ ራስህን ጠይቅ። መንገድ መልቀቅ መሸነፍ የሚመስልህ ከሆነ፣ ቤት ውስጥም ይቅርታ መጠየቅ ሳይከብድህ አይቀርም።

ያ ልጅ ምን ሆነ ትሉኝ ይሆናል። ምንም አልሆነም፤ ጌታ ይመስገን። ተነሥቶ ሱሪውን አራገፈ፣ ሶፍቶቹን ለቀመ፣ ቆጠራቸው። አንዱ ጎድሎት ነበር፤ ጎማው ሥር ነው። አልተቆጣንም፣ አልሰደበንም። የጠየቀው የአንዷን ሶፍት ዋጋ ብቻ ነው። የእህቴ ልጅ ገንዘቡን ሲሰጠው ቀና ብሎ ሊያየው አልቻለም። እኔም አልቻልሁም።

ቪዲዮውን አልደመሰስሁትም። ከእንግዲህ በጋብቻ ትምህርት ላይ ከቮልሷ ታሪክ ጋር አብሬ አሳየዋለሁ። ሠርግ ስጠራ ደግሞ እልልታዬን አልተውሁም፤ ደስታ አይከለከልም። የማሰማው ግን መኪናው ከቆመ በኋላ ነው።

በሰላም ግቡ።