ፍሬን ሳይጮህም ያረጃል

በውጭ አገር የሚኖር ወገን አሮጌ መኪና መንዳቱ የሚያሳፍር ነገር የለውም። በአሜሪካ መንገዶች ላይ ያሉ መኪኖች አማካይ ዕድሜ እ.ኤ.አ. በ2024 12.6 ዓመት መድረሱን የገበያ አጥኚዎች አስልተዋል፤ አሮጌ መኪና የሚነዳው ስደተኛው ብቻ ሳይሆን የአገሩም ሰው ነው ማለት ነው። በደንብ የተያዘ የ15 ዓመት ኮሮላ ገና ብዙ ያገለግላል። የሚያሳስበው ሌላ ነገር ነው፤ ፍሬንን በሚመለከት ያለን ልማድ። አብዛኛው ሰው ፍሬኑን የሚያስታውሰው ሲጮህ ነው። ሸራው አልቆ መንጫጨት ሲጀምር ወደ ጋራዥ ይወሰዳል፣ ሸራው ይቀየራል፣ ድምፁ ይጠፋል፣ ጉዳዩም በዚያው ይዘጋል። ይህ አካሄድ ለአዲስ መኪና ለጊዜው ያዋጣ ይሆናል። ለአሮጌው ግን አደገኛ ነው፤ ምክንያቱም በአሮጌ መኪና ፍሬን ውስጥ እጅግ የሚያሰጉት ክፍሎች ድምፅ የላቸውም፤ የሚያረጁትም በተነዳው ማይል ብቻ ሳይሆን በቆዩበት ዘመን ነው።

ጩኸቱ ከየት እንደሚመጣ እንመልከት። አዲስ የዲስክ ፍሬን ሸራ ብዙውን ጊዜ ከ10 እስከ 12 ሚሊሜትር ውፍረት አለው፤ 3 ሚሊሜትር ገደማ ሲቀረው መቀየር አለበት። በብዙ መኪኖች ሸራው ሲሳሳ ዲስኩን እየነካ እንዲጮህ የተደረገች ትንሽ የብረት ምላስ አለች። ብልሃቷ ጥሩ ነው። ይሁን እንጂ በየጎማው ካሉት ሁለት ሸራዎች አብዛኛውን ጊዜ የምትገኘው በአንዱ ላይ ብቻ ነው። ካሊፐሩ የሚንሸራተትባቸው ፒኖች ቅባታቸው ደርቆ ወይም ዝገው ከያዙ ደግሞ ሁለቱ ሸራዎች እኩል አያልቁም፤ አንዱ ገና ግማሽ ሳይደርስ ሌላው ብረቱ ላይ ይደርሳል። ያለቀው ምላስ የሌለው ከሆነ ማስጠንቀቂያው በጊዜው አይሰማም። በስልክ መብራት በቸርኬው ቀዳዳ አጮልቆ ‘ሸራው ገና አለ’ የሚል ሰውም ብዙውን ጊዜ የሚያየው የውጭውን ብቻ ነው፤ የውስጡን ለማየት ጎማው መፈታት አለበት።

ከሁሉም የተረሳው ግን የፍሬን ዘይቱ ነው። ይህ ዘይት ከአየር እርጥበት ይስባል፤ ክዳኑ ቢጠብቅ እንኳ በጎማ ቱቦዎቹ በኩል ሳይቀር ውሃ ቀስ እያለ ይገባበታል። በብዙ የጃፓንና የአሜሪካ መኪኖች የሚገባው ዶት 3 የተባለው የዘይት ደረጃ አዲስ ሲሆን ከ205 ዲግሪ ሴንቲግሬድ በታች መፍላት የለበትም። 3.7 በመቶ ያህል ውሃ ሲገባበት ግን ደረጃው የሚጠብቅበት ዝቅተኛ የመፍያ ነጥብ 140 ዲግሪ ብቻ ነው። ዶት 4ም በተመሳሳይ ሁኔታ ከ230 ወደ 155 ይወርዳል። ፈሳሽ አይጨመቅም፣ እንፋሎት ግን ይጨመቃል። ስለዚህ ዘይቱ ከፈላ የእግር ጉልበት ጎማው ዘንድ መድረሱ ቀርቶ እንፋሎቱን በመጭመቅ ያልቃል፣ ፔዳሉም እስከ ወለሉ ይወርዳል። ቀጥሎ የሚሆነው ደግሞ ይበልጥ ያታልላል። መኪናው ዳር ይዞ ጥቂት ከቆየ ዘይቱ ይቀዘቅዛል፣ እንፋሎቱ ተመልሶ ፈሳሽ ይሆናል፣ ፔዳሉም ይጠነክራል። ጋራዥ ሲደርስ ፔዳሉን ብቻ ረግጦ የሚሞክር መካኒክ ምንም አያገኝበትም፤ ባለመኪናውም ‘ተመስገን፣ አለፈ’ ብሎ ይመለሳል። ብዙ የአውሮፓ አምራቾች ዘይቱ በየሁለት ዓመቱ፣ ሆንዳ ደግሞ በየሦስት ዓመቱ ይቀየር የሚሉት፣ መኪናው ምንም ያህል ይነዳ ምንም፣ ለዚህ ነው። ‘እኔ እኮ እሑድ ቤተ ክርስቲያን፣ ቅዳሜ ገበያ ብቻ ነው የምነዳው’ የሚለው መከራከሪያም እዚህ ላይ አይሠራም። ውሃው ማይል አይቆጥርም፤ እንዲያውም ቆሞ የሚውል መኪና ዲስኩም ፒኑም ቶሎ ይዝጋል።

ከጎሃ ጽዮን ወደ ዓባይ ድልድይ የሚወርድ ሾፌር የፍሬን ሙቀት ምን እንደሆነ ማንም ሳይነግረው ያውቃል። ገና ከላይ ሳለ ከባድ ማርሽ ያስገባል፤ መኪናውን ሞተሩ እንዲይዘው ያደርጋል፤ ፍሬኑን አልፎ አልፎ ነው የሚነካው። ያው ሰው ዴንቨር ገብቶ አውቶማቲክ መኪና ሲይዝ ግን ማርሹን ዲ ላይ ትቶ ቁልቁለቱን በፍሬን ብቻ ሲወርድ ይታያል። ወደ ዴንቨር በሚያወርደው መንገድ ላይ ከተራራው አናት ያለው የአይዘንሃወር ዋሻ ከባሕር ወለል በላይ 3,400 ሜትር ገደማ ላይ ነው፤ ዴንቨር 1,600 ላይ። 100 ኪሎ ሜትር ገደማ በሚሆን መንገድ ያን ያህል ከፍታ በፈጣን ጎዳና ይወረዳል። ፍጥነት በእጥፍ ሲጨምር ፍሬኑ ወደ ሙቀት መለወጥ ያለበት ጉልበት አራት እጥፍ ይሆናል፤ ከተማ ውስጥ እንከን ያልታየበት አሮጌ ዘይት የሚፈተነው እንዲህ ባለ ቦታ ነው። አውቶማቲክ መኪናም ለቁልቁለት የሚሆን ዝቅተኛ ማርሽ አለው፤ ብዙ ሰው ባይነካውም።

ሌላው ድምፅ አልባ ክፍል ዘይቱን ወደ ጎማዎቹ የሚወስደው ቀጭን የብረት ቱቦ ነው። በረዶ በሚጥልባቸው አገሮች መንገዱ ላይ የሚነሰነሰው ጨው ከመኪናው ሆድ ሥር እየተጠራቀመ ይህን ቱቦ ይበላዋል። ቱቦው ምስጥ እንደገባበት ምሰሶ ነው፤ ቀጥ ብሎ ቆሞ እያለ ጉልበቱ አልቋል። የሚፈነዳውም ብዙ ግፊት በሚያርፍበት ሰዓት፣ ሰው ደንግጦ ፍሬኑን በኃይል ሲረግጥ ነው። እ.ኤ.አ. ከ1999 እስከ 2003 ሞዴል በሆኑ የጀነራል ሞተርስ ፒክ አፖችና ትልልቅ መኪኖች ላይ ስለ ቱቦ ዝገት አቤቱታ በዝቶ የአሜሪካ ብሔራዊ የአውራ ጎዳና ትራፊክ ደኅንነት አስተዳደር ዓመታት የፈጀ ምርመራ አድርጎ ነበር። በ2015 ፋይሉን ሲዘጋ መኪኖቹ ተመልሰው እንዲጠገኑ አላዘዘም፤ ችግሩን የእርጅና ውጤት ነው ብሎ ጨው በሚበዛባቸው 20 ግዛቶችና በዋሽንግተን ዲሲ ያሉ ባለመኪኖች የመኪናቸውን ሆድ እንዲያጥቡና ቱቦውን እንዲያስፈትሹ መከረ። ከዚህ ውሳኔ ጋር መስማማት አለመስማማት ሌላ ነገር ነው። ለባለመኪናው የሚያስተላልፈው መልእክት ግን ግልጽ ነው፦ መኪናው ካረጀ ቱቦው ያንተ ጉዳይ ነው። ሚኒያፖሊስ ወይም ሲልቨር ስፕሪንግ ለሚኖር ሰው ክረምቱ እንዳለቀ ሆዱን በውሃ ማሳጠብና መኪናው ተነሥቶ ቱቦው ከጫፍ እስከ ጫፍ በዓይን እንዲታይ መጠየቅ ትልቅ ወጪ አይደለም።

‘ምርመራውን አልፏል እኮ’ የሚል ይኖራል። በቦሎ ያደግን ሰዎች መስታወት ላይ የተለጠፈ ወረቀት ስናይ ልባችን ያርፋል። ነገር ግን ፖቶማክ ወንዝ ዳርና ዳር ያለውን እንይ። ቨርጂንያ በየዓመቱ የደኅንነት ምርመራ ታስገድዳለች። ሜሪላንድ የምትጠይቀው በጥቅሉ ያገለገለ መኪና ባለቤት ሲቀይር ነው፤ አንዴ በስምህ ከዞረ በኋላ ለዓመታት ማንም ፍሬኑን አያይልህም። ዲሲ የግል መኪኖችን የደኅንነት ምርመራ በ2009 አስቀርታለች። በቨርጂንያዋ አሌክሳንድሪያ በየዓመቱ የሚመረመረው መኪና ወንዙን ተሻግሮ ቢመዘገብ በየዓመቱ አይመረመርም፤ መኪናው ግን ያው ነው። ኒው ጀርሲ በ2010፣ ቴክሳስ ደግሞ ከ2025 መግቢያ ጀምሮ ለግል መኪኖች ምርመራውን ትተዋል፤ ሲያትል፣ ሚኒያፖሊስ፣ ዴንቨርና አትላንታ ውስጥም የግል መኪና ፍሬን በየዓመቱ የሚጠይቅ የለም። ጥብቅ ምርመራ ባለበትም ቢሆን የሚታየው የዕለቱ ሁኔታ ነው፤ የብሪታንያው ዓመታዊ ምርመራ ዘይቱን በዓይን ያያል እንጂ ውስጡ ምን ያህል ውሃ እንዳለ አይለካም። ለዕድሜ የሚገባውን ትኩረት በመስጠት ረገድ የእስራኤል አሠራር የተሻለ ይመስለኛል፤ 15 ዓመት የሞላው መኪና ለዓመታዊው ቴስት ሲቀርብ ፍሬኑ በጋራዥ መፈተሹን የሚያሳይ ማረጋገጫ ይጠየቃል።

ከዚህ የበረታው ተቃውሞ በቁጥር የሚመጣው ነው። ከላይ የተጠቀሰው የአሜሪካ መሥሪያ ቤት ከ2005 እስከ 2007 በተሰበሰበ መረጃ ላይ ተመሥርቶ በ2015 ባወጣው ጽሑፍ፣ ለግጭት የመጨረሻው ወሳኝ ምክንያት የመኪናው ብልሽት ሆኖ የተገኘው በ2 በመቶው ብቻ ነው። ከእነዚህ ውስጥ ፍሬን 22 በመቶ፣ ጎማ 35 በመቶ ድርሻ ነበራቸው። እንግዲህ ለዚህ ይህን ያህል መጨነቅ ለምን? ጥያቄው ተገቢ ነው፤ መልስም አለው። አንደኛ፣ ጽሑፉ ራሱ እንደሚናገረው የመኪኖቹ ብልሽት በዋናነት የተለየው ከውጭ በዓይን በማየት ነው፤ የዘይት ውሃና የተያዘ ፒን እንዲህ አይታዩም። ሁለተኛ፣ ያ አኃዝ አዲሱንም አሮጌውንም አንድ ላይ የቀላቀለ አማካይ ነው። ሦስተኛውና ለእኔ የሚበልጠው፣ የደከመ ፍሬን ብዙ ጊዜ ፈጽሞ እምቢ አይልም፤ መኪናው መቆም ከነበረበት ጥቂት ሜትር አልፎ እንዲቆም ያደርገዋል። የፊተኛውን መኪና የገጨ ሰው መዝገብ ላይ የሚሰፍረው ‘ርቀት አልጠበቀም’ ተብሎ ነው፤ ፍሬኑን ማንም አይጠራውም።

የገንዘቡ ነገር ቀላል አይደለም። የጋራዥ የእጅ ዋጋ በሰዓት ከ100 ዶላር በላይ መሆን በተለመደበት ከተማ፣ ለኪራይና ለአገር ቤት ከሚላከው የተረፈውን ለማይጮህ ነገር ማውጣት ይከብዳል። አንዳንድ ጋራዥ የማያስፈልገውን ሁሉ ደርድሮ ስደተኛን እንደሚያስከፍልም ሁሉም ያውቃል፤ ጥርጣሬው መሠረት አለው። ግን ለዚህ መፍትሔው አለማስፈተሽ ሳይሆን ቁጥር መጠየቅ ነው። የእያንዳንዱ ጎማ ሸራ፣ የውስጡም የውጩም፣ ስንት ሚሊሜትር ቀረው? ዲስኩስ? መውረድ የሌለበት ዝቅተኛ ውፍረት አብዛኛውን ጊዜ ራሱ ዲስኩ ላይ ተጽፎ ይገኛል። ዘይቱ ተለክቶ ምን አሳየ? የዛገ ቱቦ ካለ ፎቶው የታለ? እነዚህን በወረቀት የማይሰጥ ጋራዥ ‘ፍሬንህ ሁሉ መቀየር አለበት’ ሲል መተው ይቻላል። ሸራው 7 ሚሊሜትር ከሆነ ቀይር የሚል ሰው የሚያምታታው ቁጥር በማያውቅ ደንበኛ ላይ ብቻ ነው። ስለ ዘይቱ ግን አንድ ነገር ልጨምር። መቼ እንደተቀየረ ማስረጃ ከሌለ ክርክር ሳያስፈልግ ማስቀየር ይሻላል፤ ሥራው አብዛኛውን ጊዜ አንድ ሰዓት ገደማ ነው፣ ዘይቱም ውድ አይደለም። ውሃ የያዘ ዘይት ውስጥ ለውስጥ የሚያበላሸው የኤቢኤስ ክፍል ግን የአንድን አሮጌ መኪና ዋጋ ሊያስንቅ ይችላል።

ቅዳሜ ከሰዓት ፓርኪንግ ውስጥ ክሪክ አቁመው ተባብረው ሸራ የሚቀይሩ ወዳጆችን የምነቅፍ አይደለሁም፤ ሙያው ካለ ሥራው ይሠራል። ሸራው ግራና ቀኙ አንድ ላይ ይቀየር፣ ፒኖቹ ተጠርገው ለፍሬን የሚሆን ቅባት ይቀቡ፣ መኪናው በክሪክ ብቻ ተንጠልጥሎ ማንም ከሥሩ አይግባ። የሚያሰጋኝ ከዚያ በኋላ የሚመጣው ነው። የፍሬን ዘይቱ ቀንሶ ሲታይ ‘ሙላበት’ ይባላል። ዘይቱ የሚቀንሰው ግን ሸራው ስላለቀ ወይም የሆነ ቦታ ስለሚያፈስ ነው፤ መሙላቱ ምልክቱን ያጠፋል፣ ምክንያቱን አይነካም። ከመደርደሪያ ላይ ለዓመት ተከፍታ የቆየችው ጠርሙስም ውሃ ጠጥታለች። የመሪ ዘይት ወይም የሞተር ዘይት በስሕተት ከገባበት ደግሞ የውስጥ ጎማዎቹ ሁሉ አብጠው ከፖምፓው እስከ ካሊፐሩ ያለው ሁሉ ይበላሻል። ፔዳሉን ግን ማንም ሰው ሞተሩን አስነሥቶ፣ በቆመ መኪና ላይ ሊሞክረው ይችላል፦ በጠንካራ ግፊት ግማሽ ደቂቃ ያህል ረግጦ ይያዘው። ቀስ እያለ ከሰመጠ ያ መኪና ሳይታይ መንገድ መውጣት የለበትም።

‘መኪናው ራሱ 2,000 ዶላር አያወጣም፤ ምን ብዬ ነው የማወጣበት?’ የሚለው ይቀራል። አንዳንዴ ልክ ነው። ቱቦው በሙሉ የበሰበሰ፣ ካሊፐሮቹ የተያዙ መኪና መጠገኑ ላያዋጣ ይችላል። ያን ጊዜ መኪናው ለብረታ ብረት ገዥ ይሰጥ እንጂ ትናንት በዲቪ ለገባ ቤተሰብ ‘እንዳለ’ ተብሎ አይሸጥ። አሮጌ መኪኖቻችን በማኅበረሰቡ ውስጥ ከእጅ ወደ እጅ ነው የሚዞሩት፤ አዲስ መጤው መኪናውን የሚገዛው ሻጩን አምኖ ነው፣ ስለ ክረምት ጨው ገና አልሰማም፣ የዋጋ ንጽጽሩንም አያውቅም። ሻጩ የፍሬን ደረሰኞቹን፣ ዘይቱ የተቀየረበትን ቀን ጨምሮ፣ ከቁልፉ ጋር ያስረክብ። ገዥውም ገንዘቡን ከመክፈሉ በፊት መኪናውን ራሱ ወደመረጠው ጋራዥ ወስዶ ጎማዎቹን አስፈትቶ ያሳይ። ሻጩ ይህን ካልፈቀደ ሌላ መኪና መፈለግ ነው።