ዳዶም ሲከር ይበጠሳል



ሰሞኑን እሑድ በመጣ ቁጥር በመንደራችን የምናየው ትርኢት በዝምታ የሚታለፍ አልሆነም። መኪናው በክሪክ ተሰቅሎ፣ ጎማው ወልቆ ግድግዳ ተደግፎ፣ ዳዶና ሮንዴላው ካርቶን ላይ ተበትኖ ይውላል። የቆመው ሁሉ መካኒክ፣ የሚያልፈው ሁሉ አማካሪ ነው። «ጨምርበት! አጥብቀው! ቱቦ አምጣ!» ይባላል። እኛ ደግሞ «ኧረ ባካችሁ ተዉ!» እንላለን።

አስቀድመን አንድ ነገር ግልጽ እናድርግ። መኪናውን በደጁ የሚፈታ ጎረቤታችን ወዶ አይደለም። በ2012 ዓ.ም. የወጣው የኤክሳይዝ ታክስ አዋጅ ባገለገሉ መኪኖች ላይ ከባድ ቀረጥ ጣለ። በ2016 ዓ.ም. ደግሞ በነዳጅ የሚሄድ አውቶሞቢል ወደ አገር እንዳይገባ ተከለከለ። ስለዚህ ያለችውን አሮጌ ቪትዝና አሮጌ ዲኤክስ እየጠገኑ ማቆየት ግድ ሆኗል። የመርካቶ ልጅ ደግሞ ከብረት ጋር ያደገ ነው፤ ምናለሽ ተራ የተጣለ ቆርቆሮ ዕቃ ሆኖ ሲወጣ፣ ሶማሌ ተራ ያገለገለ የመኪና ዕቃ እየተመረጠ ሲገዛ እያየ ነው ያደገው። ስለዚህ «አትንኩ፣ ጋራዥ ውሰዱ» አንልም። የምንቃወመው ሙያውን ሳይሆን ድፍረቱን ነው።

አንደኛ፣ የፊት ሾክ ተራ ዕቃ አይደለም። በእነዚህ መኪኖች ላይ ሾኩና ሞላው አንድ ላይ የታሰሩ ናቸው። አናት ላይ መካከል ያለችው አንዲት ዳዶ ያንን የታመቀ ሞላ ይዛ የቆመች ናት። ሞላው በማመቂያ ሳይታሰር እሷን መፍታት የተወጠረ ወጥመድ መልቀቅ ነው። በቅርቡ በአንድ ግቢ እንዲህ ተደርጎ ሞላው ከነቆቡ ተፈናጥሮ የጎረቤት ቆርቆሮ በስቷል። ልጆቹ ትምህርት ቤት ስለነበሩ እንጂ ዛሬ የምንጽፈው ሌላ ነገር በሆነ ነበር። ደንቡ ቀላል ነው፤ ዙሪያዋን ያሉት ሦስት ዳዶዎችና የታች ብሎኖች ተፈትተው ሾኩ ከነሞላው ይወጣል፤ ሞላው በሁለት ማመቂያ ግራና ቀኝ እኩል ይጨመቃል፤ የመካከሏ ዳዶ የምትፈታው ከዚያ በኋላ ነው።

ሁለተኛ፣ የቱቦው ነገር። «አጥብቆ ማሰር ምን ክፋት አለው?» የሚሉ አሉ። እስቲ በቁጥር እንይ። 25 ሳንቲ ሜትር በሆነ መፍቻ ጫፉን በ20 ኪሎ ያህል ኃይል የሚስብ ሰው ወደ 50 ኒውተን ሜትር ያጠብቃል። ያንኑ ኃይል 1 ሜትር ቱቦ ሰክቶ ቢጠቀምበት ወደ 200 ይደርሳል፤ አራት እጥፍ ማለት ነው! የሚፈለገው ልክ እንደ መኪናው ዓይነት ይለያያል፤ በፋብሪካው መጽሐፍ ተጽፏል። በትንንሽ አውቶሞቢሎች ግን የአናቷ ዳዶ ልክ ከ50 ብዙ የሚርቅ አይደለም። ከልክ ሲያልፍ ፊሌቶው ይላጣል፣ ብረቱም ይለጠጣል። የተለጠጠ ብረት በደጃፋችን አይበጠስም፤ ቀን ጠብቆ፣ ሰው ጭኖ፣ ቁልቁለት ላይ ይበጠሳል። ልል የቀረውም ቢሆን ኳ ኳ እያለ ቆይቶ ጉድ ያመጣል።

ሦስተኛ፣ ዳዶዋ ስትጠብቅ የሾኩ ዘንግ አብሮ ይዞራል። ያኔ ዘንጉን በፒንሳ አንቆ መያዝ ልማድ ሆኗል። የተጫረ ዘንግ ጎሚኒውን ይቆርጣል፣ ዘይት ያፈሳል፤ አዲስ የተገዛ ሾክ በሳምንቱ ይሞታል። ዘንጉ አናቱ ላይ ለመያዣ የተበጀ ቦታ አለው፤ በዚያ ነው የሚያዘው። ራሷን የምትቆልፍ ዳዶ ደግሞ አንዴ ከተፈታች መለወጥ አለባት። ለሺህ ብር ዕቃ የዳዶ ዋጋ መሰሰት ምን የሚሉት ቁጠባ ነው?

አራተኛ፣ መንገዱ የሁላችን ነው። በጥቅምት 2017 ዓ.ም. ሸማ ተራ በእሳት ሲጋይ የመንገድ ጥበት ለእሳት አደጋ ሠራተኞች ምን ያህል ፈተና እንደነበረ አንረሳም። ጎማ የሌላት መኪና በክሪክ ተሰቅላ መተላለፊያ ከዘጋች እሳት ሲነሣ ማን ይገፋታል? ሥራው ካለቀ በኋላስ ጎማ ሥር የተደረገው ድንጋይ መንገድ ላይ ተትቶ የሚኬደው ለማን ነው?

ስለዚህ የምንለው ይህ ነው። መተላለፊያ አይዘጋ። በክሪክ ብቻ በቆመች መኪና ሥር ማንም አይግባ፤ የብረት መቆሚያ ይደረግ። ሞላ ሲፈታ ልጆች ይራቁ። ከጥገናው በኋላ የጎማ አቅጣጫ ይታይ። ድንጋዩን ያመጣው ሰው ያንሣው።

ከዚህ በላይ ደግሞ ለማኅበሩ ጥያቄ አለን። እድራችን ድንኳንና ብረት ድስት በጋራ ገዝቶ ለሁሉም ያውላል። ልኩን የሚያሳይ አንድ የማጥበቂያ መፍቻ፣ ሁለት የሞላ ማመቂያና አራት መቆሚያ በጋራ መግዛት ለምን ያቅተናል? ለሐዘን ተዘጋጅተን ሐዘኑን ለማስቀረት ሳንዘጋጅ መቅረታችን ያሳፍራል። በሚቀጥለው ስብሰባ ጉዳዩ እንዲነሣ እንጠይቃለን። ሙያውን የሚያውቁ ጎረቤቶቻችንም ለወጣቶቹ አንድ እሑድ ቁጭ ብለው ያሳዩልን።

ጉልበት ያለው ሁሉ ያጠብቃል፤ የት ላይ ማቆም እንዳለበት የሚያውቅ ግን ባለሙያ ነው።