መልሱን በጻፈው ሰው ቃል መጠየቅ

በዚህ ዘመን አንድ ተማሪ ወይም አንድ ታሪክ ወዳድ ሰው ስለ መቅደላ ለማወቅ ቢሻ፥ እንደ ቀድሞው መጻሕፍት ወዳሉበት ገዳም ወይም ቤተ መጻሕፍት ሳይገሠግሥ፥ በእጁ የያዘውን ስልክ ከፍቶ ሁለት ሦስት ቃል ይጽፍና መልስ ይጠብቃል፤ መልሱም ወዲያው ይመጣለታል። ነገር ግን ያ የመጣለት መልስ ከተጻፈው ሁሉ የተሻለው ይሁን፥ ወይስ ለጠየቀበት ቃል የቀረበው ብቻ ይሁን ብሎ የሚመረምር ሰው ጥቂት ነው። የኀሠሣ ጥበብ ከቀለም ትምህርት ጋር አብሮ ሊሰጥ የሚገባው ነገር ነው ብዬ ስለማምን፥ የዛሬውን ዓምድ ለዚህ ጉዳይ ሰጥቼዋለሁ።

ጎግልም ሆነ ሌሎቹ መፈለጊያዎች እኛ በጠየቅንበት ሰዓት ዓለሙን ሁሉ ዞረው አያስሱም፤ ድረ ገጾችን አስቀድመው እያነበቡ፥ የትኛው ቃል በየትኛው ገጽ እንደሚገኝ የሚያመለክት ታላቅ መዝገብ አዘጋጅተዋልና መልስ የሚሰጡን ከዚያ መዝገብ ነው። ላሪ ፔጅና ሰርጌ ብሪን በስታንፎርድ ዩኒቨርሲቲ ተማሪዎች ሳሉ አስበውት፥ በ1998 እ.ኤ.አ. የጎግልን ኩባንያ ያቆሙበት ዘዴም፥ አንድን ገጽ ምን ያህል ሌሎች ገጾች እንደሚጠቁሙት፥ ጠቋሚዎቹም ራሳቸው ምን ያህል የተጠቆሙ እንደ ሆኑ መዝኖ ቅደም ተከተል የሚሰጥ ነበር፤ ዛሬ ብዙ ሌላ መመዘኛ ተጨምሮበታል። እንግዲህ በመጀመሪያው ተራ የምናየው ገጽ ብዙዎች የጠቆሙት እንጂ እውነተኛነቱ የተመሰከረለት አይደለም፤ በገጹ ራስ ላይ ተጠናቅሮ የሚቀርበው አጭር መልስም ቢሆን ምንጩ ተከፍቶ ሳይነበብ ሊታመን አይገባውም።

መልሱ የሚመጣው ከቃላት መዝገብ ከሆነ ዘንድ፥ የሚከተለው ዋናው ነገር፥ ጠያቂው በራሱ ቃል ሳይሆን፥ መልሱን የጻፈው ሰው ይናገርበት በነበረው ቃል መጠየቅ ያለበት መሆኑ ነው። ዐፄ ቴዎድሮስ ሚያዝያ 6 ቀን 1860 ዓ.ም. በመቅደላ ራሳቸውን ሲሠዉ፥ በዚያ ታስረው ከቆዩትና ከእንግሊዝ ጦር ጋር ከመጡት የውጭ ሰዎች መካከል ሆርሙዝድ ራሳም፥ ሐኪሙ ሄንሪ ብላንክ፥ ክሌመንትስ ማርክሃምና ጋዜጠኛው ሄንሪ ስታንሊ ያዩትን በመጽሐፍ ጽፈው አሳትመዋል፤ መጻሕፍቱም ዛሬ በኢንተርኔት በነፃ ይነበባሉ። ነገር ግን እነዚህ ሰዎች ኢትዮጵያን አቢሲኒያ፥ ቴዎድሮስን ቲዎዶር፥ መቅደላንም ማግዳላ እያሉ ስለ ጻፉ፥ እኛ በምንጠራበት ስም በእንግሊዝኛ የሚጠይቅ ሰው የዛሬዎቹን ጸሐፊዎች ሐተታ ያገኛል እንጂ የዓይን ምስክሮቹን ቃል በቀላሉ አያገኝም። የዛሬዎቹ ሊቃውንት ደግሞ የ«ቀ»ን ድምፅ ለመጠበቅ ብለው ማቅዳላ ብለው ይጽፋሉ። ዘመኑንም ቢሆን 1868 እ.ኤ.አ. ሳይሆን 1860 ብሎ የሚጠይቃቸው ሰው በራሱ አቆጣጠር ተመርቶ ከመንገዱ ይወጣል።

ወደ ራሳችን ቋንቋ ስንመለስ ነገሩ ይበልጥ ይከብዳል። «ዐፄ» የሚለው ማዕርግ ብቻውን፥ አንዱ በዓይኑ ዐ፥ አንዱ በአልፋው አ፥ ሌላውም በራብዑ ዓ ሲጀምረው፥ ከዚያም በፀሐዩ ፄ ወይም በጸሎቱ ጼ ሲጨርሰው፥ በስድስት መልክ ይጻፋል። ለአንባቢ ስድስቱም አንድ ናቸው፤ በኮምፒዩተር ሥርዓት ግን ሞክሼ ፊደላት እያንዳንዳቸው የየራሳቸው ቁጥር ስላላቸው የተለያዩ ቃላት ናቸው። በዚህ ላይ አማርኛችን የ፥ በ፥ ለ እና ከ የተባሉትን ቃሉ ራስ ላይ የሚለጥፍ፥ ብዙኀንነትንና ባለቤትነትንም በቃሉ መጨረሻ የሚያስከትል ልሳን በመሆኑ፥ የአንዱ ስም መልክ እጅግ ይበዛል። ስለዚህ ፈላጊው የተለያየ አጻጻፍ ያለውን ማዕርግ ትቶ በባዶ ስሙ ቢጠይቅ፥ ስሙም ሞክሼ ፊደል ካለበት በየመልኩ እየለወጠ ቢሞክር፥ «የ» የተጨመረበትንም ለብቻው ቢፈልግ፥ ያጣው የመሰለውን ብዙ ጽሑፍ ያገኛል።

ከሁሉ ይልቅ ፍሬ የሚሰጠው ብርቅ ቃል መምረጥ ነው፤ ይኸውም በሚፈለገው ገጽ ላይ መገኘቱ የማይቀር፥ በሌላው ግን የማይገኝ ቃል ነው። የቴዎድሮስን ታላቅ መድፍ የሚፈልግ ሰው ሴባስቶፖል ብሎ ብቻ ቢጠይቅ በክሪሚያ ስላለው ከተማ የተጻፈ ብዙ ነገር ይጎርፍበታል፤ መድፉ የተሠራበትን የጋፋትን ስም ቢጨምርበት ግን ነገሩ ወዲያው ይጠራል። ወይም ክሪሚያ ከሚለው ቃል በፊት፥ ክፍት ቦታ ሳይተው የመቀነስ ምልክት ቢያደርግ፥ ያ ቃል ያለባቸው ገጾች ይወገዱለታል። ሁለትና ከዚያ በላይ የሆኑ ቃላት ተከታትለው እንዲገኙለት ሲሻ በትእምርተ ጥቅስ ያጥራቸዋል። በላቲን ፊደል ሳይት ብሎ ሁለት ነጥብ አድርጎ የአንድን ዩኒቨርሲቲ አድራሻ ቢያስከትል በዚያ ቤት ያለውን ብቻ ያያል፤ ፋይልታይፕ ብሎ እንደዚሁ በሁለት ነጥብ ፒዲኤፍ ቢያስከትል ደግሞ አብዛኛውን ጊዜ የጥናት ጽሑፍና መጽሐፍ ይቀርብለታል። የዐፄ ቴዎድሮስ ጸጉር በ2019 እ.ኤ.አ. ከለንደን ወደ አገሩ ሲመለስ የተጻፈው ዜና ብዛት ከዚያ አስቀድሞ ስለ ጉዳዩ የተጻፈውን ይጋርዳልና፥ ቢፎር በሚለው ትእዛዝ ከ2019 በፊት ያለውን ብቻ መጠየቅ የቀደመውን ክርክር ገልጦ ያሳያል።

ይሁን እንጂ ማናቸውም መፈለጊያ የማይደርስበት ስፍራ አለ። ከመቅደላ ተወስደው በብሪቲሽ ላይብረሪ የሚገኙት ወደ 350 የሚጠጉ የብራና መጻሕፍት፥ እንደዚሁም ከ1973 እ.ኤ.አ. ጀምሮ በአገራችን በማይክሮፊልም ተነሥተው ቅጂያቸው በአሜሪካ ሚኒሶታ፥ ኮሌጅቪል በሚገኘው በሂል ቤተ መጻሕፍት የተቀመጡት መጻሕፍት ዝርዝራቸው በየራሳቸው ካታሎግ ውስጥ ነው፤ ስለዚህ ጎግል እስከ ደጃፉ ያደርሳል እንጂ ገብቶ የሚፈልገው ሰውየው ራሱ ነው። በዚያም ክብረ ነገሥት የሚለው ርእስ በላቲን ፊደል በልዩ ልዩ መልክ ስለሚጻፍ፥ ያው የአጻጻፍ ጥንቃቄ ይከተለዋል። ቀድሞ የነበረ ገጽ ጠፍቶ ሲገኝም፥ ከ1996 እ.ኤ.አ. ጀምሮ ድረ ገጾችን እየቀዳ ወደሚያኖረው ኢንተርኔት አርካይቭ ሄዶ አድራሻውን መጠየቅ ይገባል።

እጅግ የሚያሳዝነኝ ግን፥ በማንኛውም ጥበብ የማይገኘው የራሳችን ጽሑፍ ነው። ፊደላችን በዩኒኮድ የገባው በ1999 እ.ኤ.አ. ስለ ሆነ፥ ከዚያ በፊት፥ ከዚያም በኋላ ለብዙ ጊዜ፥ በልዩ ልዩ ሶፍትዌር የተጻፈው አማርኛ ለመፈለጊያው ትርጉም የሌለው የላቲን ፊደል ክምችት ነው፤ ዛሬም ቢሆን በቅን ልቡና ተነሣሥተው የአባቶችን መጻሕፍት ፎቶግራፍ አንሥተው የሚጭኑ ወንድሞችና እኅቶች፥ ፋይሉን ቁጥር ብቻ ሰጥተው ስለሚተዉት መጽሐፉ ወጥቶ ሳለ እንደ ተሰወረ ይኖራል። እነዚህን ደጋግ ሰዎች የምለምናቸው አንድ ነገር ነው፤ የመጽሐፉን ርእስ፥ የደራሲውን ስምና የታተመበትን ዓመት በፊደልም በላቲንም፥ በሁለቱም የዘመን አቆጣጠር በገጹ ላይ ይጻፉልን፤ ቢቻላቸው ደግሞ የምዕራፎቹን አርእስት ይጨምሩልን።