ልብ፣ ቀስትና ንቅሳት

 

ዛሬ የምናየው የአንዲት የ21 ዓመት አንባቢያችንን ጥያቄ ነው። ፍቅረኛዋ «ከወደድሽኝ በቀስት የተወጋ ልብ ከነስሜ ክንድሽ ላይ ተነቀሽልኝ» ብሏታል። «ልጁን እወደዋለሁ፣ ንቅሳቱ ግን አስፈራኝ። እምቢ ብለው ይቀየመኛል። ምን ላድርግ?» ትላለች።

እህቴ፣ መልሱን ከመስጠቴ በፊት ስለዚያ ቀስት ትንሽ ላጫውትሽ።

ግሪኮች ኤሮስ፣ ሮማውያን ኩፒድ የሚሉት የፍቅር አምላክ ቀስትና ፍላጻ ይዞ ነው የሚሳለው። ብዙ ሰው የማያውቀው ግን ፍላጻው ሁለት ዓይነት መሆኑን ነው። ከ2,000 ዓመት በፊት የነበረው ሮማዊ ባለቅኔ ኦቪድ እንደተረከው፣ ጫፉ ወርቅ የሆነው ፍቅር ያሲዛል፤ ጫፉ እርሳስ የሆነው ደግሞ ያስጠላል። ኩፒድ አፖሎን በወርቁ፣ ዳፍኔን በእርሳሱ ወጋቸው። እሱ ሲያባርር እሷ ስትሸሽ፣ ሊይዛት ሲል ዛፍ ሆና ቀረች። አየሽ፣ በግድ ሲሆን መጨረሻው ይኸው ነው።

ቀስት ደግሞ ሁልጊዜ የፍቅር ምልክት አይደለም። በእንግሊዝ አገር ባለ ሦስት መስመሩ ቀስት «ይህ የመንግሥት ንብረት ነው» ማለት ነበር። በጦር መሣሪያ ላይ ይደረግ ነበር፤ በሰሜን አሜሪካ ደን ውስጥ ለመርከብ ምሰሶ በተመረጡ ዛፎች ላይ ሳይቀር በመጥረቢያ ይቀረጽ ነበር። በእስረኛ ልብስ ላይም ይታተም ነበር።

ለሴቶች የመምረጥ መብት የታገለችው ሲልቪያ ፓንክረስት እ.ኤ.አ በ1906 ለንደን ሆሎዌይ እስር ቤት ስትገባ የእስረኛ ልብስ ያ ቀስት ነበረበት። በ1909 ታስረው ለወጡ ታጋዮች የሚሰጥ የብር የደረት ጌጥ ስትነድፍ፣ ያንኑ ቀስት መሀሉ ላይ አደረገችው። የውርደቱ ምልክት የኩራት ሆነ! ይህች ሴት በጣሊያን ወረራ ጊዜ ለኢትዮጵያ የተሟገተችው ናት። በ1960 አዲስ አበባ አርፋ ቅድስት ሥላሴ ካቴድራል ተቀብራለች።

ልዩነቱ ገባሽ? ቀስቱ ያው ቀስት ነው። ሌላ ሰው ሲያትምብሽ የንብረት ማኅተም ነው፤ ራስሽ ወደሽ ስታደርጊው ጌጥሽ ነው። አንቺ ወደሽ ብትነቀሽ ማንም አይናገርሽም። «ከወደድሽኝ» እየተባለ የሚመጣው ግን ሌላ ነገር ነው። ደግሞ ንቅሳት በቀላሉ የሚለቅ እንዳይመስልሽ። በሌዘር ማስለቀቅ ብዙ ምልልስና ገንዘብ ይጠይቃል፣ ጠባሳም ሊተው ይችላል። ንጽሕናው ያልተጠበቀ መርፌ ደግሞ በሽታ ያመጣል።

ስለዚህ ረጋ ብለሽ «እወድሃለሁ፣ ክንዴ ግን የእኔ ነው» በይው። ከወደደሽ ሁለት ቀን አኩርፎ ይመለሳል። ጥሎሽ ከሄደ ደግሞ፣ ስሙ ክንድሽ ላይ ቢኖር ኖሮ ምን ይበጅሽ ነበር?