የኮሌስትሮል ኪኒን፣ ስኳርና የኢፍጣር ማዕድ

ባለፈው ሳምንት ከዐስር ሶላት በኋላ አንድ አባት ከመስጊዱ በር አጠገብ ጠበቁኝ። ከኪሳቸው የተጀመረ የኪኒን እሽግ አውጥተው፣ «ሸይኻችን፣ ይሄ ነገር ስኳር ያመጣል አሉ። ረመዷን ከገባ ጀምሮ ትቼዋለሁ። አጠፋሁ?» አሉኝ። ኪኒኑ አቶርቫስታቲን የሚባለው የኮሌስትሮል መድኃኒት ነው። ሐጂ ከሁለት ዓመት በፊት ልባቸውን ታመው ሆስፒታል ተኝተው ነበር። ስኳራቸውን ደግሞ ሐኪማቸው «ድንበር ላይ ነው» ብሏቸዋል። ኪኒኑን ያስተዋቸው ልጃቸው ስልክ ላይ አይቶ የነገራቸው ቪዲዮ ነው።

የዛሬ አሥር ዓመት ቢሆን ኖሮ «አላህ ያሽርዎት፣ ጾሙ ራሱ መድኃኒት ነው» ብዬ እሸኛቸው ነበር። ብዬም አውቃለሁ። ቁርኣንና ዓረብኛ የቀራ ሰው ስለ ልብና ስለ ደም ስርም የሚያውቅ የሚመስለው ብዙ ነው፤ እኔም ረጅም ጊዜ ከእነሱ አንዱ ነበርኩ። ዘንድሮ ግን ከጀመዓችን አንድ ሐኪም ጠርቼ ሦስታችን ተቀመጥን። ያን ዕለት የሰማሁትን እዚህ የምጽፈው በየመስጊዱ እንደ ሐጂ ያሉ ሰዎች እንዳሉ ስለማውቅ ነው።

ወሬው ከመሬት የተነሣ አይደለም። እነዚህ ስታቲን የሚባሉ መድኃኒቶች የደም ስኳርን በትንሹ ከፍ ያደርጋሉ። የአሜሪካ የምግብና መድኃኒት ተቆጣጣሪ መሥሪያ ቤትም በአውሮፓውያን አቆጣጠር በ2012 ይህ በመድኃኒቱ መግለጫ ላይ እንዲጻፍ አድርጓል። ይበልጥ የሚነካቸውም ስኳራቸው ድንበር ላይ ያለ ሰዎች ናቸው፤ ማለትም በጾም ሲለካ ከ100 እስከ 125 የሆነ፣ ወይም የሦስት ወሩ ምርመራ ከ5.7 እስከ 6.4 በመቶ ያሳየ። ቪዲዮው ይህን ተናግሮ ነው ያቆመው። ምን ያህል እንደሚጨምር ግን አልተናገረም።

በ2010 ዓ.ም (እ.ኤ.አ) 13 ጥናቶችን አንድ ላይ ያየ ግምገማ ታትሞ ነበር፤ ከ90 ሺህ በላይ ሰዎች ነበሩበት። 255 ሰዎች መድኃኒቱን ለ4 ዓመት ቢወስዱ በመድኃኒቱ ምክንያት ተጨማሪ የስኳር በሽታ የሚታይበት አንድ ሰው ነው። ጁፒተር የተባለ ሌላ ጥናት ደግሞ ልባቸውን ታመው የማያውቁ 17,802 ሰዎችን ተከታትሏል። ከእነዚህ ውስጥ ለስኳር ተጋላጭ በነበሩት ዘንድ፣ መድኃኒቱ 54 አዲስ የስኳር ሕመም ሲጨምር 134 የልብና የደም ስር አደጋ ወይም ሞት አስቀርቷል። ስኳር የተገኘባቸውም ቢሆኑ መድኃኒቱን ካልወሰዱት የቀደሙት በአማካይ በአምስት ሳምንት ያህል ብቻ ነው። ልባቸውን ታመው ለሚያውቁት ለሐጂ ጥቅሙ ከዚህም ይበልጣል።

ሐኪሙ ቁጥሩን ሲያስረዳ እኔ በልጅነቴ የቀራሁት የፊቅህ መሠረት ትዝ አለኝ። ሁለት ጉዳቶች ከተጋጠሙ ቀላሉን ተሸክመን ከባዱን እንከላከላለን። ጥቂት ከፍ ያለ ስኳር በምግብም በመድኃኒትም ይያዛል። የሞተ የልብ ጡንቻ ግን አይመለስም።

ደግሞ ይህ ኪኒን ከጾም ጋር ምን ያጣላዋል? በቀን አንዴ የሚዋጥ ነው። አቶርቫስታቲንም ሮሱቫስታቲንም ለኢፍጣር ወይም ለሱሑር ቢወሰድ ለውጥ የለውም፤ ሲምቫስታቲን ደግሞ ድሮም በማታ የሚታዘዝ ነው። «ቅቤና ሥጋ ቀን ስለማልበላ ኮሌስትሮሌ ይወርዳል» የሚሉም አሉ። አብዛኛውን ኮሌስትሮል የሚሠራው የራሳችን ጉበት ነው፤ ጉበት ደግሞ አይጾምም። ስኳር ለመለካት ጣት መወጋት ጾም ያፈርሳል ብለው የሚፈሩም ብዙ ናቸው። ለምርመራ የሚወሰድ ደም ጾም እንደማያፈርስ ዓለም አቀፉ የፊቅህ አካዳሚ በ1997 (እ.ኤ.አ) ወስኗል። ኢንሱሊን የሚወጉ ሰዎች ጉዳይ ሌላ ነው። እነሱ መጾም አለመጾማቸውን ራሱ ከሐኪም ጋር ይነጋገሩ፤ ለበሽተኛ የተሰጠው ፈቃድ በሱረቱል በቀራህ የተቀመጠው እንድንጠቀምበት ነው።

አሁን ወደ ማዕዱ ልምጣ፤ የልቤ ያለው እዚህ ነው። ስኳርን ፈርተን ኪኒን የጣልን ሰዎች አዛን ሲባል የምናደርገውን እንይ። ቴምሩ ሱና ነው፤ አንድም ሦስትም ይበቃል። ከዚያ ስኳር የበዛበት ጭማቂ፣ በዘይት የተጠበሰ ሳምቡሳ አራት አምስት፣ ሙሸበክ፣ ከተራዊሕ በኋላ እራት፣ እንደገና ሻይ በሦስት ማንኪያ ስኳር። ነቢዩ (ሰ.ዐ.ወ) ሆድን ለምግብ፣ ለውኃና ለትንፋሽ በሦስት እንድንከፍል ያስተማሩትን በሚንበር ላይ እናገራለሁ፤ በኢፍጣር ግብዣ ላይ ግን የሦስቱንም ቦታ በሳምቡሳ ስሞላ ያዩኝ አሉ። ጥፋቱን ለሚያበስሉት እናቶችና እህቶች አንስጥ። ማዕዱ ካልሞላ ፊታችንን የምናጠቁረው እኛ ወንዶች ነን።

በአሜሪካ የተካሄደና በ2002 የታተመ ትልቅ ጥናት ስኳራቸው ድንበር ላይ የነበረ ሰዎችን አይቷል። ክብደታቸውን በመቶ ሰባት ያህል ለመቀነስና በሳምንት 150 ደቂቃ ለመንቀሳቀስ የሠሩት፣ ስኳር በሽታ የመያዝ ዕድላቸው በ58 በመቶ ቀንሷል። ኪኒኑ ከሚጨምረው ጋር አስተያዩት። ወደ ተራዊሕ በእግር መሄድ የሚችል መኪናውን ቤቱ ቢተወው እንዴት ጥሩ ነበር።

ሐጂ በዚያው ሌሊት ኪኒናቸውን ጀመሩ። ከዒድ በኋላ የሦስት ወሩን ስኳር ይመረመራሉ፤ መጠኑን ወይም ዓይነቱን መለወጥ ካስፈለገም ሐኪማቸው ይለውጠዋል። ልጃቸውም አብሯቸው እንዲሄድ ነግሬዋለሁ። ስንነሣ ሐጂ «ሳምቡሳስ ስንት ልብላ?» ብለው ሐኪሙን ጠየቁት። «አንድ» አላቸው። ወደ እኔ ዞሩና «ሸይኻችን፣ በዚህስ ላይ ሌላ ፈትዋ የለዎትም?» አሉኝ።